ጆን ፖል ስታፕ

ኮሎኔል ዶክተር ጆን ፖል ስታፕ (ሐምሌ 4 ቀን 1902 ዓ.ም. – ኅዳር 3 ቀን 1992 ዓ.ም.፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጁላይ 11 ቀን 1910 – ኖቬምበር 13 ቀን 1999) አሜሪካዊ የአየር ኃይል ሐኪም፣ የባዮፊዚክስ ሊቅና የአካል ጉዳት ባዮሜካኒክስ ተመራማሪ ነበሩ። የሰው አካል በድንገት ሲቆም ምን ያህል ኃይል መቋቋም እንደሚችል ለማወቅ በሮኬት በሚገፋ ጋሪ ላይ ራሳቸው ተቀምጠው 29 ጊዜ ተፈትነዋል። በ1954 በተደረገው የመጨረሻ ሙከራቸው በሰዓት 1,017 ኪሎ ሜትር ከተጓዙ በኋላ 1.4 ሰከንድ ገደማ በሆነ ጊዜ ውስጥ ቆመዋል። በዚህም ምክንያት በዘመኑ በምድር ላይ ፈጣኑ ሰው ተብለው ታውቀዋል።

የስታፕ ዋና ግኝት ግን የፍጥነት ክብረ ወሰን አይደለም። በአደጋ ጊዜ ብዙ ሰው የሚሞተው ሰውነቱ ደካማ ስለሆነ ሳይሆን መቀመጫው፣ ማሰሪያውና በዙሪያው ያለው አካል ደካማ ወይም አደገኛ ስለሆነ መሆኑን በመለኪያ አሳይተዋል። ይህ ግኝት መጀመሪያ የተዋጊ አውሮፕላን መቀመጫዎችን፣ ቀጥሎም የመኪና የደህንነት ቀበቶን ታሪክ ለውጧል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ስታፕ የተወለዱት በብራዚል ባሂያ ሲሆን፣ ወላጆቻቸው ከአሜሪካ የሄዱ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሚስዮናውያን ነበሩ። ከአራት ወንድማማቾች የመጀመሪያው ናቸው። የመጀመሪያ ትምህርታቸውን በወላጆቻቸው ቤት ተምረው በአሥራዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ለትምህርት ወደ አሜሪካ ቴክሳስ ተላኩ።

ቤይለር ዩኒቨርሲቲ ገብተው በመማር ላይ ሳሉ፣ በ1928 የገና በዓል ሰሞን አንድ ሕፃን የዘመድ ልጅ ወደ ምድጃ እሳት ድሆ ገብቶ ክፉኛ ተቃጠለ። ስታፕ ሕፃኑን በማስታመም ቢረዱም ሊተርፍ አልቻለም። ሐኪም ለመሆን የወሰኑት ከዚህ በኋላ ነው። ነገር ግን ለሕክምና ትምህርት ቤት የሚከፍሉት ገንዘብ ስላልነበራቸው ምኞታቸው የተፈጸመው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነበር።

ከቤይለር በ1931 የመጀመሪያ ዲግሪ፣ በ1932 ደግሞ በእንስሳት ጥናት የማስተርስ ዲግሪ አገኙ። ከዚያ በኋላ በቴክሳስ በሚገኝ አነስተኛ ኮሌጅ ሁለት ዓመት አስተማሩ። ወደ ትምህርት ተመልሰው በኦስቲን ከሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በባዮፊዚክስ የዶክትሬት ዲግሪ ከተቀበሉ በኋላ፣ በ1944 ከሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ። በዚያው ዓመት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ የአሜሪካን ጦር ሠራዊት በሐኪምነት ተቀላቀሉ።

የከፍታ በረራ ጥናት

በ1946 ስታፕ በኦሃዮ ግዛት ራይት ፊልድ ወደሚገኘው የበረራ ሕክምና ላቦራቶሪ ተመደቡ። የመጀመሪያ ሥራቸው የአየር ግፊታቸው ባልተስተካከለ አውሮፕላኖች ውስጥ እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ እየወጡ የኦክስጅን መሣሪያዎችን መፈተሽ ነበር። በዚያ ከፍታ ላይ የአካባቢው ግፊት ስለሚቀንስ፣ በደም ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን አረፋ እየሠራ በመገጣጠሚያዎች ላይ ከባድ ሕመም ያስከትላል። አንዳንዴም ይገድላል።

ስታፕ ራሳቸው ደጋግመው በመብረር፣ አንድ በራሪ ከመነሳቱ በፊት ለ30 ደቂቃ ያህል ንጹሕ ኦክስጅን ቢተነፍስ ናይትሮጅኑ ከሰውነቱ እንደሚወጣና ሕመሙን መከላከል እንደሚቻል አረጋገጡ። በሌላ ሰው ላይ የሚደረገውን ሙከራ አስቀድሞ በራስ ላይ መሞከር የሚለው የሥራ ልማዳቸው ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ይታያል።

የ18 ጂ እምነት

በበረራ ሳይንስ አንድ ጂ ማለት ማንኛውም አካል መሬት ላይ ቆሞ የሚሰማው የስበት ኃይል መጠን ነው። ክብደቱ 70 ኪሎ ግራም የሆነ ሰው 10 ጂ ቢደርስበት ለዚያች ቅጽበት 700 ኪሎ ግራም የሚመዝን ያህል ይጫነዋል። አንድ ተሽከርካሪ ፍጥነቱን በድንገት ሲቀንስም ተሳፋሪው ላይ ተመሳሳይ ኃይል ይደርሳል።

በ1940ዎቹ በአውሮፕላን መሐንዲሶች ዘንድ የነበረው እምነት ሰው ከ18 ጂ በላይ ቢደርስበት ይሞታል የሚል ነበር። ስለዚህ የአውሮፕላን መቀመጫዎችና ማሰሪያዎች ከዚያ በላይ እንዲችሉ ተደርገው አይሠሩም ነበር። ሰውየው ለማይተርፍበት ኃይል ጠንካራ መቀመጫ መሥራት ትርፍ ክብደት ብቻ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር።

ነገር ግን ይህን እምነት የሚያጠራጥሩ ማስረጃዎች ነበሩ። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ሂዩ ዴሄቨን የተባሉ ተመራማሪ በ1942 ከከፍተኛ ሕንፃ ወድቀው በሕይወት የተረፉ ሰዎችን አጥንተው ነበር። ዴሄቨን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ራሳቸው ከአውሮፕላን አደጋ የተረፉ ሰው ናቸው። የሰው አካል ኃይሉ በሰፊ ቦታ ከተሰራጨለትና ለመቆም ጥቂት ርቀት ካገኘ ከታሰበው በላይ እንደሚችል ጽፈዋል። በጦርነቱ ጊዜም አውሮፕላናቸው ተሰባብሮ እነርሱ የተረፉ አብራሪዎች ነበሩ። ሌሎች ደግሞ ቀላል በሚመስል አደጋ መቀመጫቸው ተነቅሎ ሞተዋል። ጥያቄው እንግዲህ የሚገድለው ኃይሉ ነው ወይስ መሣሪያው የሚል ነበር። ይህን ለመለየት ግን የተለካ ሙከራ ያስፈልግ ነበር።

የሙሮክ ሙከራዎች

በ1947 ስታፕ በካሊፎርኒያ በረሃ ወደሚገኘው የሙሮክ የጦር አየር ማረፊያ ተላኩ። ቦታው በኋላ ኤድዋርድስ የአየር ኃይል ጣቢያ ተብሏል። በዚያ 610 ሜትር ገደማ የሚረዝም ሐዲድ ነበር። ኖርዝሮፕ የተባለው የአውሮፕላን ኩባንያ በሮኬት የሚገፋና በሐዲዱ ላይ የሚንሸራተት 680 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ጋሪ ሠራ። ጋሪው ጂ ዊዝ ይባል ነበር። ስሙ በእንግሊዝኛ የመደነቅ ቃል ሲሆን የኃይሉን መለኪያ ስምም በውስጡ ይዟል። በሐዲዱ መጨረሻ አካባቢ ጋሪውን በጥቂት ሜትሮች ውስጥ የሚያቆሙ ኃይለኛ ፍሬኖች ተተክለው ነበር።

የመጀመሪያው ተሳፋሪ ሰው አልነበረም። ኦስካር ኤይትቦል የሚል ስም የወጣለት፣ 84 ኪሎ ግራም የሚመዝን የሰው አምሳያ ነበር። እንዲህ ዓይነቱ አሻንጉሊት ዛሬ ዱሚ ይባላል። ኤፕሪል 30 ቀን 1947 በተደረገው የመጀመሪያ ጉዞ ፍሬኖቹ ሳይሠሩ ቀርተው ጋሪው ከነኦስካር ከሐዲዱ አልፎ ወደ በረሃው ገባ። በሌላ ሙከራ ኦስካር በቀላል ማሰሪያ ብቻ ታስሮ ጋሪው በ30 ጂ ሲቆም ማሰሪያው ተበጠሰ። አሻንጉሊቱ ከፊት የነበረውን የእንጨት መከላከያ ሰብሮ ከ200 ሜትር በላይ ርቆ ወደቀ። የጎማ የፊት ቆዳው እንጨቱ ላይ ቀርቶ ነበር። ሰው በቦታው ቢሆን ኖሮ ምን ሊደርስበት እንደሚችል ለማስረዳት ከዚህ የበለጠ አያስፈልግም ነበር።

ከኦስካር ጋር ከ30 በላይ ሙከራዎች ከተደረጉና መሣሪያው ከተስተካከለ በኋላ፣ ዲሴምበር 10 ቀን 1947 ስታፕ ራሳቸው ጋሪው ላይ ተቀመጡ። የመጀመሪያው ጉዞ ፊታቸውን ወደ ኋላ አዙረው፣ በአነስተኛ ኃይል የተደረገ ነበር። ከዚያ በኋላ የሮኬቶቹ ቁጥርና የፍሬኑ ኃይል ቀስ በቀስ እየጨመረ ሄደ። በ1948 አጋማሽ ላይ ስታፕ 16 ጊዜ ተጉዘው 35 ጂ ደርሰው ነበር። ይገድላል ተብሎ ከታመነበት መጠን እጥፍ የሚጠጋ ማለት ነው።

ሙከራዎቹ ያለ ጉዳት አላለፉም። በተለያዩ ጊዜያት የጎድን አጥንታቸው ተሰብሯል፤ የእጅ አንጓቸው ሁለት ጊዜ ተሰብሯል፤ የጥርስ ሙሌታቸው ወልቋል። ፊትን ወደ ፊት አድርጎ ሲጓዙ ደግሞ ዓይን ውስጥ ያሉ ጥቃቅን የደም ሥሮች ይፈነዱ ነበር። ወደ ኋላ ዞሮ ሲቀመጥ ጀርባና ጭንቅላት በሙሉ በመቀመጫው ስለሚደገፉ ኃይሉ በሰፊ ቦታ ይሰራጫል። ወደ ፊት ሲቀመጥ ግን ሰውነትን የሚይዘው ቀበቶው ብቻ ነው። የቀበቶው ስፋት፣ የሚያልፍበት አጥንትና የሚጠብቅበት መጠን የሞትና የሕይወት ልዩነት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ስታፕ የእያንዳንዱን ጉዞ ስሜትና ጉዳት እንደ ሐኪም ይመዘግቡ ስለነበር፣ ከዱሚ ሊገኝ የማይችል መረጃ ተሰብስቧል።

እስከ 1951 አጋማሽ ድረስ በዚህ ጋሪ ላይ ሰው የተሳፈረባቸው 74 ጉዞዎች ተደርገዋል። ከእነዚህ 19ኙ ወደ ኋላ፣ 55ቱ ወደ ፊት ተዙሮ የተደረጉ ናቸው። ከስታፕ ሌላ በፈቃደኝነት የተሳፈሩ ሌሎች ሰዎችም ነበሩ። በውጤቱ በትክክል የታሰረ ሰው ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ ቢያንስ 45 ጂ እንደሚቋቋም ተረጋገጠ። የተዋጊ አውሮፕላን መቀመጫዎች እስከ 32 ጂ እንዲችሉ ሆነው እንዲሠሩ የተወሰነው በዚህ ጥናት መነሻነት ነው። ለማጓጓዣ አውሮፕላኖችም ወደ ኋላ የዞሩ መቀመጫዎች እንዲገጠሙ ስታፕ ምክር ሰጥተዋል።

በዚሁ ጊዜ ስታፕ ከሥራ ሰዓት ውጭ ሌላ አገልግሎት ይሰጡ ነበር። በበረሃው ጣቢያ የሚኖሩ የወታደሮችና የሠራተኞች ቤተሰቦች በቅርብ ሐኪም ስላልነበራቸው፣ ማታ ማታ ቤት ለቤት እየዞሩ ያለ ክፍያ ያክሙ ነበር።

የመርፊ ሕግ

በዓለም ዙሪያ የሚታወቀው የመርፊ ሕግ የተወለደው ከዚሁ ፕሮጀክት ነው። በ1949 ኤድዋርድ መርፊ የተባሉ የአየር ኃይል መሐንዲስ በተሳፋሪው ማሰሪያ ላይ የሚደርሰውን ኃይል የሚለኩ ዳሳሾች ከራይት ፊልድ ይዘው መጡ። ሙከራው ከተካሄደ በኋላ መለኪያዎቹ ምንም አላስመዘገቡም። ሲመረመር የዳሳሾቹ ሽቦዎች በተሳሳተ መንገድ ተገናኝተው ተገኙ። መርፊ በወቅቱ የተናገሩት ነገር በሥራ ባልደረቦቻቸው ዘንድ መጠሪያ ስም ወጣለት። ሊበላሽ የሚችል ነገር ካለ አንድ ቀን መበላሸቱ አይቀርም የሚል ትርጉም ያለው አባባል ሆነ።

አባባሉን ለሕዝብ ያደረሱት ስታፕ ናቸው። በአንድ የጋዜጠኞች ስብሰባ ላይ እንዲህ አደገኛ በሆነ ሥራ ከባድ ጉዳት የደረሰበት ሰው የሌለው እንዴት እንደሆነ ሲጠየቁ፣ ቡድኑ የመርፊን ሕግ አምኖ ስለሚሠራ ነው ብለው አስረዱ። ይህም ማለት ከሙከራው በፊት ሊሳሳት የሚችለው ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ይታሰባል፤ ለእያንዳንዱም መፍትሔ ይዘጋጃል ማለት ነው። ሕጉ ዛሬ ብዙ ጊዜ እንደ ቀልድ ቢነገርም፣ በመነሻው የሰው ሕይወት በአንድ ሽቦ ላይ ለሚንጠለጠልበት ሥራ የወጣ የጥንቃቄ ደንብ ነበር። በምሕንድስናና በሶፍትዌር ሥራም በዚሁ ትርጉም ይጠቀሳል።

ሆሎማንና ሶኒክ ዊንድ ቁጥር 1

በ1953 ስታፕ በኒው ሜክሲኮ ግዛት በሚገኘው የሆሎማን አየር ኃይል ጣቢያ የበረራ ሕክምና ላቦራቶሪ ኃላፊ ሆኑ። በዚያን ጊዜ ጄት አውሮፕላኖች ወደ ድምፅ ፍጥነት ስለደረሱ አዲስ ጥያቄ ተነስቶ ነበር። አውሮፕላኑ የተበላሸበት አብራሪ በተወንጫፊ መቀመጫ ሲወጣ ከፊቱ የሚመታው ነፋስ ይገድለዋል ወይ የሚል ነው። ከዚያም ነፋሱ እንደ ግድግዳ ሲያቆመው የሚደርስበት የፍጥነት መቀነስ አለ።

በሆሎማን 1,080 ሜትር ገደማ የሚረዝም ሐዲድ ላይ ሶኒክ ዊንድ ቁጥር 1 የተባለ ጋሪ ተዘጋጀ። የዚህ ጋሪ ፍሬን ውኃ ነበር። በሐዲዶቹ መካከል በተጠራቀመው ውኃ ውስጥ ከጋሪው ሥር ያለው ማፈሻ ሲገባ ውኃውን እየገፋ ፍጥነቱን ያጣል። የውኃውን መጠን በመቀያየር የመቆሚያውን ኃይል መወሰን ይቻል ነበር። ስታፕ በማርች 1954 በዚህ ጋሪ በሰዓት 678 ኪሎ ሜትር፣ በነሐሴ ወር ደግሞ የነፋስ መከላከያው ተነሥቶ በሰዓት 808 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጓዙ።

የመጨረሻው ጉዞ ዲሴምበር 10 ቀን 1954 ተደረገ። ይህ የመጀመሪያ ጉዟቸው ሰባተኛ ዓመት ቀን ነበር። ስታፕ በዚህ ሙከራ ዓይናቸው ሊጠፋ እንደሚችል ያውቁ ስለነበር፣ አስቀድመው በጨለማ ክፍል ልብሳቸውን መልበስና ማውለቅ ተለማምደዋል። በዕለቱ ዘጠኝ ሮኬቶች አብረው ተቀጣጠሉ። ጋሪው በአምስት ሰከንድ ውስጥ በሰዓት 1,017 ኪሎ ሜትር ደረሰ። ጆ ኪቲንገር በተባሉ አብራሪ የሚነዳ ጄት ከላይ እየተከተለ ሙከራውን ቢያጅብም ጋሪው ቀድሞት ሄደ። ከዚያም ጋሪው ውኃውን መትቶ በ1.4 ሰከንድ ገደማ ቆመ።

የደረሰው ኃይል በቀላል ስሌት ሊገመት ይችላል። በሰዓት 1,017 ኪሎ ሜትር በሰከንድ 282 ሜትር ገደማ ነው። ይህ ለ1.4 ሲካፈል በየሰከንዱ የ200 ሜትር በሰከንድ ቅናሽ ያህል ይሆናል። አማካዩ ኃይል ከ20 ጂ በላይ ነው ማለት ነው። ነገር ግን መቆሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ስላልነበረ ከፍተኛው ኃይል 46.2 ጂ ደርሷል። በዚያች ቅጽበት የስታፕ ሰውነት ከሦስት ቶን በላይ የሚመዝን ያህል ሆኖ ነበር።

ስታፕ ከጋሪው ሲወርዱ ዓይናቸው በደም ተሞልቶ ማየት አልቻሉም። ወደ ሆስፒታል ተወስደው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ብርሃንና ቅርጽ መለየት ጀመሩ። እይታቸውም ተመለሰ። ሬቲና የሚባለው የዓይን የኋላ ክፍል አልተላቀቀም ነበር። ስታፕ ከዚህም በላይ በሰዓት እስከ 1,600 ኪሎ ሜትር ለመሄድ አቅደው ነበር። ሆኖም አለቆቻቸው እንደገና እንዳይሳፈሩ ከለከሏቸው። በሴፕቴምበር 1955 ምስላቸው በታይም መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣ።

ከአውሮፕላን ወደ መኪና

ስታፕ በሥራቸው ላይ ሳሉ የሟች ወታደሮችን መዝገብ ሲመለከቱ አንድ ነገር አስተዋሉ። አየር ኃይሉ በመኪና አደጋ የሚያጣቸው አብራሪዎች ቁጥር በአውሮፕላን አደጋ ከሚያጣቸው አያንስም ነበር። ለእያንዳንዱ አብራሪ ሥልጠና ብዙ ገንዘብ ወጥቶ፣ ለአውሮፕላኑ መቀመጫ ብዙ ምርምር ተደርጎ፣ አብራሪው ቀበቶ በሌለው መኪና ወደ ቤቱ ሲሄድ ይሞታል።

ጉዳዩ በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ግድግዳ ቢመታና የፊት ክፍሉ 60 ሳንቲ ሜትር ቢጨማደድ፣ ከመቀመጫው ጋር በደንብ የታሰረው ሰው በአማካይ የሚደርስበት 16 ጂ ገደማ ነው። ይህ ስታፕ በሙሮክ ያለ ከባድ ጉዳት ካለፉት መጠን ከግማሽ በታች ነው። ያልታሰረው ሰው ግን መኪናው ሲቆም እርሱ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መሄዱን ይቀጥላል። መሪው፣ ዳሽቦርዱ ወይም የፊት መስታወቱ ሲያቆመው የመቆሚያ ርቀቱ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ርቀቱ 5 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ኃይሉ ወደ 200 ጂ ይጠጋል። አደጋው አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ አንዱን የሚገድለው ሌላውን የሚያተርፈው ይህ ልዩነት ነው።

ስታፕ በሆሎማን አሮጌ መኪናዎችን ከዱሚዎች ጋር ማጋጨት ጀመሩ። በሜይ 1955 የመኪና አምራቾች መሐንዲሶችን፣ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችንና ሐኪሞችን ጠርተው ሙከራዎቹን አሳዩ። በዚያ የመጀመሪያ ስብሰባ የተገኙት 26 ሰዎች ነበሩ። ስብሰባው ከዚያ በኋላ የስታፕ የመኪና ግጭት ጉባኤ ተብሎ በየዓመቱ የሚካሄድ ሆነ። በመስኩ የሚወጡ ዋና ዋና ጥናቶች የሚቀርቡበት መድረክም ነው።

አየር ኃይሉ በመኪና ጉዳይ ለምን ገንዘብ ያወጣል የሚል ተቃውሞ ከበላይ አዛዦች ቀርቦ ነበር። ስታፕ የሞቱትን አብራሪዎች ቁጥር በማቅረብ መልስ ሰጡ። በ1957 በአሜሪካ ምክር ቤት የትራፊክ ደህንነት ንኡስ ኮሚቴ ፊት ቀርበው ስለ ቀበቶ ጥቅም መሰከሩ። በዘመኑ ብዙ የመኪና አምራቾች ደህንነት ገበያ አያመጣም ብለው ያምኑ ነበር። ገዢውም ቀበቶን እንደ እስራት የሚቆጥር ብዙ ነበር። ለውጡ የመጣው ከብዙ ክርክር በኋላ ነው። ሴፕቴምበር 9 ቀን 1966 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የትራፊክና የሞተር ተሽከርካሪ ደህንነት ሕግን ሲፈርሙ ስታፕ በቦታው ተገኝተዋል። በዚህ ሕግ መሠረት ከ1968 ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጡ አዳዲስ የቤት መኪናዎች ቀበቶ እንዲኖራቸው ግዴታ ሆነ።

ፈቃደኛ ሰው፣ እንስሳና ዱሚ

የአካል ጉዳት ባዮሜካኒክስ ከባድ ጥያቄ ያለበት ሙያ ነው። አጥንት በስንት ኃይል እንደሚሰበር ለማወቅ አጥንት መስበር ያስፈልጋል። ፈቃደኛ ሰው ሊሰጥ የሚችለው መረጃ ጉዳት እስኪጀምር ድረስ ያለውን ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ለማወቅ በስታፕ ዘመን እንስሳት ይገለገሉ ነበር። በኤድዋርድስና በሆሎማን ቺምፓንዚዎች፣ በመኪና ሙከራዎቹ ደግሞ በማደንዘዣ የተኙ ድቦችና አሳማዎች ከሰው ለሚበልጥ ኃይል ተጋልጠዋል። ከእነዚህ እንስሳት የሞቱ አሉ። እንዲህ ዓይነት ሙከራ በኋለኛው ዘመን ብርቱ የሥነ ምግባር ተቃውሞ አስነስቷል።

በዲትሮይት ከተማ የዌይን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለሳይንስ በተሰጡ የሰው አስከሬኖች ላይ ጥናት ያደርጉ ነበር። የዚያው ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሎውረንስ ፓትሪክ እንደ ስታፕ በራሳቸው አካል ላይ ብዙ የጋሪና የምት ሙከራዎችን አድርገዋል። አስከሬን የአጥንትን ጥንካሬ ቢያሳይም ጡንቻው አይወጠርም። አንዱ ከሌላው በዕድሜና በቁመት ስለሚለያይም ሙከራውን በትክክል መድገም አይቻልም።

ዱሚ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ዱሚ ራሱ ስለ ሰው አካል የሚነግረው አዲስ ነገር የለም። ከፈቃደኞች፣ ከእንስሳትና ከአስከሬን የተገኘውን እውቀት በብረት፣ በጎማና በዳሳሽ ተመስሎ ይይዛል። በዚህም አንድ ዓይነት ሙከራ መቶ ጊዜ እንዲደገም ያስችላል። ከኦስካር በኋላ በ1949 ሴራ ሳም የተባለ ዱሚ ለተወንጫፊ መቀመጫ ሙከራ ተሠራ። በ1970ዎቹ ደግሞ ጄኔራል ሞተርስ የሃይብሪድ ዱሚዎችን አወጣ። በ1976 የወጣው ሃይብሪድ ሦስት የአንገቱ መታጠፍና የደረቱ መጨመቅ ከሰው ጋር እንዲቀራረብ ተደርጎ ስለተሠራ፣ ለረጅም ዓመታት የፊት ለፊት ግጭት መለኪያ ሆኖ ቆይቷል። ደረቱ ስንት ሲጨመቅ ጎድን እንደሚሰበር የሚናገረው ቁጥር ግን በመጀመሪያ የተገኘው ከሥጋና ከአጥንት ነው።

የኋለኛ ዘመን

ስታፕ በዲሴምበር 1957 ሊሊያን ላኒዝ የተባለች የባሌት ዳንሰኛ አገቡ። በ1960ዎቹ መጨረሻ አየር ኃይሉ ለፌዴራሉ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት በውሰት ሰጥቷቸው በተሽከርካሪ ደህንነት ላይ በሕክምና ባለሙያነት ሠሩ። በ1970 በኮሎኔልነት ማዕረግ ከአየር ኃይል ጡረታ ወጡ። ከዚያም በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። በሆሎማን አጠገብ ባለችው የአላሞጎርዶ ከተማ ኖረውም የኒው ሜክሲኮ ምርምር ተቋምን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። በስማቸው የተጠራውን ዓመታዊ ጉባኤም እስከ እርጅናቸው ድረስ ይከታተሉ ነበር።

በ1979 በዓለም አቀፍ የጠፈር የክብር አዳራሽ፣ በ1985 በብሔራዊ የአቪዬሽን የክብር አዳራሽ ስማቸው ተመዘገበ። በ1991 ከፕሬዚዳንት ጆርጅ ኤች ደብሊው ቡሽ የብሔራዊ ቴክኖሎጂ ሜዳልያ ተቀበሉ። ኖቬምበር 13 ቀን 1999 በ89 ዓመታቸው በአላሞጎርዶ በሚገኘው ቤታቸው አረፉ።

ውርስ

ስታፕ በፈቃዳቸው የተቀበሉት 46.2 ጂ ወደ ፊት ዞሮ ለተቀመጠ ሰው ለብዙ ዘመን በክብረ ወሰንነት ቆይቷል። በ1958 በዚያው በሆሎማን ካፒቴን ኢላይ ቢዲንግ ወደ ኋላ ዞረው ለቅጽበት ከ80 ጂ በላይ ደርሰዋል። ይህም ሰውነት በስፋት ሲደገፍ ምን ያህል እንደሚችል የስታፕን ሐሳብ አጠናክሯል።

በአላሞጎርዶ የኒው ሜክሲኮ የጠፈር ታሪክ ሙዚየም ግቢ በስማቸው የተጠራ መናፈሻ አለ። ሶኒክ ዊንድ ቁጥር 1ም በዚያ ለእይታ ቀርቧል። ዛሬ በየመኪናው ያለው የትከሻና የወገብ ቀበቶ፣ በግጭት ጊዜ እንዲጨማደድ ተደርጎ የሚሠራው የመኪና የፊት ክፍልና ለስላሳ ሆኖ የሚሠራው ዳሽቦርድ የብዙ ሰዎች ሥራ ውጤት ናቸው። ሁሉም ግን በአንድ መርሕ ላይ ይቆማሉ። ሰውን በመቀመጫው አጥብቆ መያዝ፣ ለመቆም ርቀትና ጊዜ መስጠት፣ ኃይሉንም በሰፊ ቦታ ማሰራጨት ነው። የስታፕ 29 ጉዞዎች ይህ ሲሟላ የሰው አካል ሊተርፍ እንደሚችል ያረጋገጡ ማስረጃዎች ናቸው።